የእትዬ ክላራ የሰሜን ግድግዳ

ባለፈው ሳምንት ጎረቤቶቻችን ግቢያቸው ላይ አዲስ የሣር ዘር ዘርተው በላዩ ጭድ በተኑበት። እዚህ ፒከሪንግተን፣ ከኦሃዮዋ ከተማ ከኮሎምበስ ዳር፣ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው የሚያደርገው፤ ዘሩን ወፍ እንዳይለቅመው፣ ዝናብ ጠርጎ እንዳይወስደው። ከዚያ ሦስት ቀን ሙሉ ዘነበ። በአራተኛው ቀን ጠዋት የቆሻሻ በርሜላችንን እየጎተትኩ ወደ መንገድ ስወጣ ሽታው ተቀበለኝ፤ የራሰ ጭድ፣ መቡካት የጀመረ አፈር፣ ኮምጠጥ ያለ፣ የበረት ነገርም ያለበት። በርሜሌን እንደያዝኩ ቆምኩ። የቆሻሻ መኪናው መጥቶ ሹፌሩ ጡሩምባ እስኪነፋብኝ ድረስ አልተንቀሳቀስኩም። ሰውዬው አሮጊቷን ምን ነካት ሳይል አይቀርም።

ልጄ ሳራ፣ እዚሁ ኮሎምበስ ተወልዳ አድጋ አሁን መሀል ከተማ፣ ዳውንታውን፣ አንድ ሆስፒታል ውስጥ ፋርማሲስት የሆነችው፣ ይህን በስልክ ስነግራት "ማሚ፣ ኢትስ ጀስት ስትሮው" አለችኝ። ጭድ እኮ ነው ማለቷ ነው። ልክ ናት፣ ጭድ ነው። እኔ ግን በዚያው ሳምንት አንድ ስልክ ተደውሎልኝ፣ "አስቤበት ልመልስልሽ" ብዬ ዘግቼ፣ እሱን ላለማሰብ ቤት ስጠርግና ስወለውል የሰነበትኩ ሴት ነኝ። የስልኩን ነገር ኋላ እመጣበታለሁ። መጀመሪያ የእትዬ ክላራን ግድግዳ ልንገራችሁ።

ያን ጊዜ አሜሪካ ከመጣን ሁለት ክረምት ቢሆነን ነው። በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ ውስጥ ነው፤ ዓመቱን በትክክል ንገሪን ብትሉኝ ከባለቤቴ ከግርማ ጋር እንጣላለን፣ ሁለታችንም የየራሳችን ዓመት አለን። እኔ የማልረሳው ዋጋውን ነው። ጋሎን ቤንዚን አንድ ዶላር ከምናምን፣ ሙሉ ዶሮ ሁለት ዶላር፣ ከአሮጌ ልብስ መሸጫ የገዛሁት ወይን ጠጅ ኮት አራት ዶላር። ኮቱ ትከሻው ላይ ትራስ የሚያህል ስፖንጅ ነበረበት፤ ለብሼው ስወጣ በሩን ወደ ጎን ዞሬ ማለፍ ያለብኝ ይመስለኝ ነበር። ግርማ ደግሞ ከአገር ቤት ይዞት የመጣውን እግሩ ሰፊ ቦላሌ አልጥልም ብሎ፣ ኦቤትስ አጠገብ ያለው መጋዘን ውስጥ ካርቶን የሚጭኑ ጓደኞቹ "ዘፋኝ ነህ ወይ?" ይሉት ነበር። በቤታችን የነበረው ካሴት አንድ ነው። ከመደጋገም ብዛት ክሩ ላልቶ ዘፋኙ እንቅልፍ የያዘው ይመስል ነበር፤ እኛም ዘፈኑን በዚያው በተጎተተ ድምፁ ለመድነው፣ ዛሬ በትክክለኛ ፍጥነቱ ስሰማው የቸኮለ ይመስለኛል። ጠዋት ጠዋት ብሮድና ሃይ ስትሪት ከሚገናኙበት ማዕዘን አጠገብ አውቶቡስ እቀይራለሁ። እዚያ አካባቢ ለውዝ የሚቆላ ሱቅ ነበር። በብርድ ቀን በሩ በተከፈተ ቁጥር የሚወጣውን ሙቀትና ሽታ እየሳብኩ እቆም ነበር፣ ገዝቼ ግን አላውቅም። አሁን በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ምነው አንድ ቀን አንድ ከረጢት ገዝቼ ቢሆን እላለሁ፤ ሱቁ የለማ።

ወደ አሜሪካ ያመጣን የቤተ ክርስቲያን ማኅበር ውስጥ ያለች አንዲት ሴትዮ ናት ሥራውን ያገኘችልኝ። በሳምንት ሁለት ቀን ሙዚየም ማጽዳት ነው አለችኝ። ሙዚየም ስትለኝ የእምነበረድ ደረጃ፣ ዘብ፣ የመስታወት ሳጥን ታየኝ፤ ባለ ትከሻ ኮቴን ለበስኩ፣ ፀጉሬን ተሠራሁ። ከከተማው ደቡብ፣ ከአንድ ትንሽ ወንዝ ዳር ስንደርስ አንዲት ቤት ብቻዋን ቆማለች። ግንድ በግንድ ላይ ተደራርቦ፣ በግንድና ግንድ መካከል ጭቃ ተሞልቶ፣ ታች ሁለት ክፍል፣ ላይ አንድ ቆጥ። ውስጧ ሰው የሚያስገባ ምድጃ፣ በገመድ የተወጠረ አልጋ፣ የልጅ ማወዛወዣ፣ የጥጥ መፍተያ መንኮራኩር። ሰው እየመጣ በሩ ላይ ባለች ብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ አንድ ዶላር ይጥልና ይህን ያያል። ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። እናቴ ጉለሌ የተከራየችውን ቤት የሚያይ ሰው አንድ ዶላር ቢከፍል ኖሮ ባለጸጋ ሆነን ነበር።

ግርማ ከሥራ ሲመለስ ነገርኩት። "አንቺ ሴትዮ" አለኝ ቦላሌውን እያራገፈ፣ "ከጭቃ ቤት ወጥተን በረሃ አቋርጠን፣ ስንት ቢሮ ኢንተርቪው ተደርገን፣ አሜሪካ መጥተሽ ጭቃ ቤት ትጠርጊያለሽ? ይሄንንማ እዚያው ትሠሪው ነበር!"

"እዚያ ዶላር የለም" አልኩት። ክርክሩ በዚሁ አለቀ።

የቤቲቱ ጠባቂ ሚስስ ክላራ ይባሉ ነበር፤ እኛ እትዬ ክላራ ነው ያልናቸው፣ ለእሳቸው ዕድሜ ሌላ መጠሪያ ከአፋችን አልወጣም። ሰባ አምስት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ ጀርባቸው ቀጥ ያለ፣ ከንፈራቸው ሁልጊዜ ቀለም የተቀባ። ቤቱን የሠሩት ቅድመ አያታቸው ናቸው፤ እሳቸውም እዚያው ነው የተወለዱት። የመጨረሻዋ ወራሽ ስለነበሩ፣ ልጅም ስላልነበራቸው፣ ቤቱን ለከተማዋ ሰጥተው ራሳቸው ያለ ደመወዝ ይጠብቁት ነበር። ከቅድመ አያታቸው በፊት በዚያ ወንዝ ዳር ይኖሩ የነበሩትስ የአገሩ ነባር ሰዎች ብዬ አንድ ቀን ብጠይቃቸው "የእነሱ ቤት አልተረፈም" አሉኝ። የማያስመስሉ ሰው ነበሩ፤ ለዚህ ነው የወደድኳቸው። ዘነበች ማለት ስላቃታቸው ዜኒ ይሉኛል።

የትምህርት ቤት ልጆች ሲመጡ እትዬ ክላራ እንደ ድሮዎቹ አቅኚዎች ረጅም ቀሚስና ከአገጭ ሥር የሚታሰር ቆብ ይለብሳሉ። አንድ ቀን አብራቸው የምታስጎበኘው ሴት ስትቀር ሁለተኛውን ቆብ እኔ ራስ ላይ ደፉት። ልጆቹ አዩኝ፣ ተያዩ። አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ እጇን አውጥታ "እሷም አቅኚ ናት?" ብላ ጠየቀች። መምህራቸው አፍራ ልትቆጣት ስትል እትዬ ክላራ "አዎ፣ ትንሽ ዘግይታ የደረሰች ናት" አሉ። ልጆቹ ሳቁ። እሳቸው ግን አልሳቁም።

ታዲያ በዚያ መስከረም መጨረሻ ላይ እትዬ ክላራ ፊታቸው ጠቁሮ አገኘኋቸው። የሰሜኑ ግድግዳ ታሟል። ከዓመታት በፊት አንዳንድ ደግ አሳቢዎች በግንዶቹ መካከል የነበረውን አሮጌ ጭቃ አውጥተው ሲሚንቶ ሞልተውበት ነበር። ሲሚንቶው ውሃ ይዞ አላስወጣ ሲል ሁለት ግንዶች ከጫፋቸው መላም ጀመሩ። የቤቱ ቦርድ አባላት ደግሞ ደክሟቸዋል። ዕቃው ዳውንታውን ወዳለ ቢሮ ይዛወር፣ ቤቱ ይፍረስ፣ ቦታው ለመኪና ማቆሚያ ይሁን የሚሉ አሉ። ውሳኔው ከሦስት ሳምንት በኋላ በሚውለው ቅዳሜ፣ አንድ የድሮ ቤት አዋቂ ግድግዳውን አይቶ ከተናገረ በኋላ ነው። እትዬ ክላራ ደግሞ በመካከሉ ዳሌያቸውን ኦፕራሲዮን ለመሆን ሆስፒታል መግባት አለባቸው። "የጠራሁት ግንበኛ ሁሉ ሲሚንቶ ይዞ ነው የሚመጣው" አሉኝ። "የጥንቱን ጭቃ የሚያውቅ ሰው ከየት ላምጣ?"

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። እናቴ ጭቃ አቡኪ ነበረች። ሰው ቤት ሲሠራ ጭቃ እየረገጠች፣ ግድግዳ እየመረገች ነው ያሳደገችኝ። ትምህርት ቤት "እናትሽ ምን ትሠራለች?" ሲሉኝ "ነጋዴ ናት" እል ነበር። የስደተኛ ፎርም ለሞሉልኝም ሰዎች ነጋዴ ናት አልኳቸው። ክረምት ሲመጣ ዕረፍት ስለሆነ እኔም አብሬያት እረግጥ ነበር፣ ከዚያ እስከ ጥቅምት ድረስ ጥፍሬ ውስጥ ያለውን ጭቃ ለመደበቅ እጄን ጨብጬ እማር ነበር። ለግርማ እንኳ በግልጽ ነግሬው አላውቅም። እንግዲህ በአማርኛ ተናግሬው የማላውቀውን ነገር በዚያ በሰባራ እንግሊዝኛዬ "እናቴ ጭቃ ሠራተኛ ናት፤ እኔም እችላለሁ" አልኳቸው።  እትዬ ክላራ አዩኝ፣ ቁልፉን ከቦርሳቸው አወጡ። "እንግዲያው ሲሚንቶውን አውጪና በግንዶቹ መካከል ጭቃ ሙዪልኝ" ብለው እጄ ላይ አኖሩት።

ሥራው እንዲህ ነው። ሲሚንቶውን በመሮና በመዶሻ ግንዱን ሳልነካ ፈልፍዬ አወጣሁ፤ አራት ቀን ፈጀ። ከወንዙ ዳር ቀይ የሚያጣብቅ አፈር ቆፈርኩ። ከኦቤትስ ወዲያ ካለ ገበሬ የስንዴ ጭድ ግርማ በመኪናችን የኋላ መቀመጫ ላይ ጠቅጥቆ አመጣ፤ ጭዱ እስከ ዛሬ ከዚያ መኪና መቀመጫ ሥር ይወጣል ይላል፣ መኪናው ራሱ ከተጣለ ሠላሳ ዓመት አልፎታል። ከዚያ ጉድጓድ ውስጥ አፈሩንና ጭዱን በውሃ አርሶ መርገጥ፣ መሸፈን፣ በሁለተኛው ቀን ገልጦ እንደገና መርገጥ። ጭቃ ካልቦካ ይሰነጠቃል፤ እናቴ ሰባት ቀን ሳይሞላው አታስነካም ነበር። ግርማ መጀመሪያ ቆሞ ነበር የሚያየኝ። በሦስተኛው ቀን ያንን ሰፊ ቦላሌ እስከ ጉልበቱ ጠቅልሎ ገባ። "እናትሽ ነጋዴ ናት ብለሽኝ አልነበር?" አለኝ እየረገጠ።

"ዋሽቼህ ነው።"

"አውቄያለሁ። ነጋዴ ልጇን እንዲህ አስተካክላ መርገጥ አታስተምርም" አለና ሳቀ። እኔ ግን አለቀስኩ፤ ጭቃው መሀል ቆሜ፣ በሁለቱም እጄ ቀሚሴን ይዤ አለቀስኩ።

ሰባተኛው ቀን ሲሞላ ጭቃው እንደ ቅቤ ለስልሶ፣ ሸትቶ (አንድ ጎረቤት የሞተ እንስሳ አለ ወይ ብሎ ጠይቆናል) ደርሶ ነበር። በግንዶቹ መካከል ሞላሁት፣ አጥብቄ ጠቀጠቅሁት። ተረፈኝ፣ ብዙ ተረፈኝ። የቦካ ጭቃ መጣል ደግሞ እናቴ ዘንድ ነውር ነው። ቀና ብዬ ግድግዳውን አየሁት፤ ግንዶቹ አፍጠው ያዩኛል። እኛ አገር እንጨቱ አፍጦ የሚታይ ቤት ባለቤቱ አቅም ያጣ፣ ሥራው በወገቡ የቀረ ቤት ነው። እንግዳ ሊመጣበት፣ ያውም ዳኛ ሊፈርድበት ነው እንዲህ አጥንቱ የሚታይ? እትዬ ክላራ ቅዱስ ሴት ናቸው፣ ምን ቸገራቸው፣ አላወቁበትም ይሆናል ብዬ፣ ግድግዳውን ከላይ እስከ ታች መረግሁት። በመዳፌ ለሰንኩት። ሐሙስ ጠዋት ስጨርስ አንዲት ግንድ አትታይም፤ እንደ እንቁላል ልሙጥ ሆኗል። በሕይወቴ እንዲህ የኮራሁበት ሥራ አልነበረም።

ያን ዕለት ከቀትር በፊት እትዬ ክላራ ከሆስፒታል ወጥተው፣ ቤታቸው እንኳ ሳይገቡ፣ በከዘራ እየተደገፉ መጡ። እጄን በቀሚሴ እየጠረግሁ ፊት ፊታቸው ሮጬ አሳየኋቸው። ቆሙ። ከዚያ በደረጃው ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡና ቆብ ለብሰው ለልጆች የሚያወሩበት ድምፃቸው ጠፍቶ፣ በሌላ ቀጭን ድምፅ "ዜኒ፣ ግንዶቼ የት አሉ?" አሉኝ።

"ውስጥ ናቸው፤ ሸፈንኳቸው። እንዳያፍሩ።"

"በቅድመ አያቴ መጥረቢያ የተጠረቡ ናቸው እኮ። ሰው የሚመጣው የመጥረቢያውን ምት ለማየት ነው። ቅዳሜ የሚመጣው አዋቂም የሚያየው እሱን ነው።" እንባቸው በቀለም የተቀባ ከንፈራቸው ላይ ወረደ። "ጥፋቱ የኔ ነው። ሳልነግርሽ። ቦርዱን ኮል አድርጌ አትምጡ ልበላቸው፣ የፈለጉትን ይወስኑ።"

የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። እኔ ደግሞ ያፈሰስኩትን መልቀም አውቃለሁ። ከሥራ መባረሩ፣ ስድቡ፣ ምኑም አልታየኝም፤ የታየኝ እኒያ ሴትዮ የተወለዱበት ቤት በኔ መዳፍ ሊፈርስ መሆኑ ነው። "አይደውሉ" አልኳቸው። "እኔ ነኝ የለጠፍኩት፣ እኔ አነሳዋለሁ። ቅዳሜ ጠዋት ግንዶችዎ ይታያሉ።"

"ብትፍቂው ምቱ ይጠፋል።"

"አልፍቀውም። እርጥብ ነው። ጭቃ እርጥብ እስከሆነ በእጅ ይለቃል፤ ከደረቀ ነው መፋቅ የሚመጣው።"

እንግዲህ ፀሐይዋ ጠላቴ ሆነች። ጥቅምት አጋማሽ ላይ ኦሃዮ አንዳንዴ የበጋ ትራፊ ታመጣለች፤ ያን ሳምንት አመጣች። ግርማን ከሥራው ኮል አድርጌ አስወጣሁትና ቤታችን ያሉትን አንሶላዎች በሙሉ እንዲያመጣ አደረግሁ። በውሃ እየነከርን ግድግዳው ላይ ሰቀልናቸው። ከታች አንዱን አንሶላ ገለጥ አድርጌ፣ በእርጥብ ጨርቅ፣ ከዚያ በጣቴ፣ ከዚያ በጥፍሬ፣ አንዱን የመጥረቢያ ምት ከሌላው እየለየሁ አወጣሁ። እትዬ ክላራ ወንበር አስመጥተው ተቀምጠው አንሶላዎቹ ላይ በአትክልት ማጠጫ ውሃ ያፈሱልኛል። ዐርብም እንዲሁ፣ ከንጋት እስከ ማታ። ጥፍሮቼ ሦስቱ ተነሱ። እትዬ ክላራ ሁለት ጊዜ "ይበቃሻል" አሉኝ፣ ሁለት ጊዜም "አይበቃም" አልኳቸው። እልኸኛ መሆኔን አገር ያውቃል፤ ያን ዕለት ግን ራሴም ተገረምኩ።

ቅዳሜ ማለዳ የመጨረሻው አንሶላ ሲነሳ ሦስታችንም ወደ ግድግዳው ተጠጋን። ሸክላው ጭቃ ሁለት ቀን ተለጥፎ የመቶ ዓመት ጥላሸትና የሲሚንቶ አቧራ ከእንጨቱ ስቦ አውጥቶት ኖሯል። ምቶቹ ትናንት የተጠረቡ ይመስላሉ፤ ቅድመ አያታቸው ግራኝ እንደነበሩ ሳይቀር ይታያል። "ግራኝ ነበሩ" አሉ እትዬ ክላራ በሹክሹክታ። "አያቴ ትለኝ ነበር፤ አይቼው ግን አላውቅም።" እግዚአብሔር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይሄ ነው።

የቦርዱ ሰዎች አምስት ሆነው መጡ። አዋቂ የተባለው ሰውዬ ቢራቢሮ ክራቫት ያሠረ ቀጭን ሽማግሌ ነው። የላመውን የግንድ ጫፍ በእጁ ጫን አድርጎ አየ፤ ሲሚንቶው ስለወጣ ይደርቃል፣ ይድናል አለ። ከዚያ ጭቃዬን በአውራ ጣቱ ጫን አለው፤ ገና እርጥብ ቢሆንም አልተሰነጠቀም፣ አልለቀቀም። አሸተተው። "የማን ድርጅት ነው የሠራው?" አለ። እትዬ ክላራ በከዘራቸው ወደ እኔ አመለከቱ። እንዴት እንደሠራሁት ሲጠይቀኝ መቡካት ለሚለው እንግሊዝኛ አጣሁ፤ ጫማዬን አውልቄ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ ረገጥኩለት። ሰባት ጣቶቼን ዘርግቼ "ቀን" አልኩት። ሽማግሌው ማስታወሻውን አውጥቶ እግሬን እያየ ጻፈ። አምስቱ የቦርድ አባላትም ድምፅ ሰጡ፤ ሦስት ለሁለት፣ ቤቱ ይቆይ።

እትዬ ክላራ ካረፉ ቆይተዋል። እኔም ከዚያ ወዲያ ብዙ ሥራ ሠራሁ፣ ቤት ገዛን፣ ልጅ ወለድን፣ ወደዚህ ወደ ፒከሪንግተን መጣን። ግርማ ጡረታ ወጥቶ ካሴቱን ያስቀመጠበትን ሳጥን ይፈልጋል። ባለፈው ሳምንት የደወለችልኝ አሁን ቤቱን የምትጠብቅ ወጣት ሴት ናት። የሰሜኑ ግድግዳ ጭቃ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ከታች መላላት ጀምሯል። አንድ ኩባንያ በአንድ ቀን የሚደርቅ የፕላስቲክ ነገር እንሙላበት ብሎ ቦርዱ ሊስማማ ተቃርቧል። ልጅቱ ግን የእትዬ ክላራን ሳጥን ስትበረብር አንዲት ካርድ አገኘች፤ በዚያ በአስተማሪ የእጅ ጽሕፈታቸው። በስልክ አነበበችልኝ። "የሰሜኑ ግድግዳ ሲላላ ዜኒን ጥሩ። ጭቃው ሰባት ቀን ይቡካ። ግንዶቹን እንዳትሸፍናቸው ግን አስታውሷት።"

ይህን ሰምቼ ነው "አስቤበት ልመልስልሽ" ያልኩት። ሰባ ዓመቴ ነው፣ ግራ ጉልበቴ ደረጃ አይወድም፣ ጣቶቼም እንደ ድሮው አይደሉም። ሦስት ቀን ሙሉ እምቢ የምልበትን ቃል ስፈልግ ቆየሁ። ከዚያ በርሜሌን እየጎተትኩ ወጣሁ፣ ያ ሽታ መጣ።

የቆሻሻ መኪናው እንደሄደ የጎረቤቴን በር አንኳኩቼ የተረፈ ጭድ እንዳለው ጠየቅሁት፤ ሦስት እስር ሰጠኝ። ለልጅቱ ደወልኩ፣ "ፕላስቲኩን መልሺው" አልኳት። ግርማ ከሶፋው ሳይነሳ "አሁንስ አንሶላዬን አልሰጥሽም" አለ። ቅዳሜ ሳራ በመኪናዋ ወሰደችኝ፤ እግረ መንገዴን ላድርስሽ እንጂ አልቆይም ብላ ነበር። ወንዙ ዳር አፈሩን ቆፍረው አዘጋጅተውልኛል። ጭዱን በተንኩበት፣ ውሃ አፈሰስኩበት። ሳራ በነጭ ስኒከሯ ጠርዙ ላይ ቆማ ስልኳን እያየች፣ በእንግሊዝኛ፣ "ማሚ፣ ይሄን የሚያውቅ ሌላ ሰው የለም እንዴ?" አለችኝ።

ጉድጓዱ ውስጥ ሆኜ ቀና ብዬ አየኋት።

"አለች" አልኳት። "ጫማሽን አውልቂ።"